የአዋሽ ባቡር ጣቢያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረር በመኪና የሄደ ሰው አዋሽን ያውቃታል። ሙቀቷን ያውቃል፣ ኬላዋን ያውቃል፣ ዳር ይዘው የቆሙትን ተሳቢዎች ያውቃል። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለውን አሮጌ ባቡር ጣቢያ ግን ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል። እኔም ለዓመታት ካለፉት አንዱ ነበርኩ። አንድ ቀን የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ ስንቆም፣ ጥላ ፍለጋ በእግሬ ስዞር ነው ያገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ጣቢያው ባነሳሁ ቁጥር ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። እነሆ ሰበሰብኳቸው። እ.ኤ.አ. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጣቢያው የት ነው የሚገኘው?

አፋር ክልል፣ አዋሽ ከተማ ውስጥ። ሰው በተለምዶ አዋሽ ሰባት ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ ይላታል። ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ 225 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጃኬት ለብሶ የወጣ ሰው እዚህ ሲደርስ አውልቆ ይይዘዋል።

ከተማዋ ትቀድማለች ወይስ ጣቢያው?

ጣቢያው። ይሄ ላያስደንቅ ይችላል። በጅቡቲ መስመር ላይ ባቡር የወለዳቸው ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ድሬዳዋ ራሷ ትልቋ ልጅ ናት። ከባቡሩ በፊት አካባቢው የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች ግመልና ከብት የሚያሰማሩበት ሜዳ ነበር። ሐዲዱ መጣ፣ ጣቢያ ተሠራ፣ ለሠራተኛው ቤት ተሠራ፣ ቀጥሎ ሻይ የሚያፈላ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ አልጋ የሚያከራይ መጣ። የድሮ የውጭ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ቦታው «አዋሽ ጣቢያ» ተብሎ ነው የሚጠራው። ከጣቢያው ውጪ ይሄ ነው የሚባል ነገር አልነበረማ።

ባቡሩ አዋሽ የደረሰው መቼ ነው? ለምንስ ያን ያህል ዘገየ?

በ1905 ዓ.ም ገደማ። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። የተቀበሉት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ነበሩ። በወረቀት ላይ የነበረው ሐሳብ ትልቅ ነው። ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ክፍል ወረቀት ላይ እንደቀረ ነው።

ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐረርን ተራራ ባቡሩ ሊወጣው ስላልቻለ ሐዲዱ ከታች በሜዳው አለፈና በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ደግሞ መስመሩ የማን ይሁን በሚል ይሻኮቱ ነበር። በ1900 ዓ.ም ፈቃዱ እንደገና ተሰጠ። በዚህኛው ውል ስሙ የሚነሳው የጓዴሉፕ ተወላጅ የሆነው የምኒልክ ሐኪም ዶክተር ቪታሊያን ነው። አዲስ ኩባንያ ተቋቋመና ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ መንቀሳቀስ ጀመረ።

እንግዲህ ቁጥሩን እዩት። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ 311 ኪሎ ሜትር፣ አምስት ዓመት። ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ከዚያ የሚያንስ መንገድ፣ ዓሥር ዓመት። ለመዘግየቱ በረሃው ብቻውን አይወቀስም፤ ገንዘብና ፖለቲካ ነው ያስቆመው። ከአዋሽ በኋላ ደግሞ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ብረት ከአውሮፓ ማስመጣት ከበደ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ዛሬ ለገሃር የምንለው ትልቁ ሕንፃ የተመረቀው እንኳ ከዚያ በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም ነው።

ባቡሩ እውነት እዚያ ያድር ነበር?

አዎ። ለእኔ ስለ አዋሽ ከሚነገረው ሁሉ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ ይታደራል። ካርታ ብታዩ ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዋሽ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ መሃል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ናት። ከአዋሽ በኋላ ደግሞ ዳገት ነው። ከ900 ሜትር ተነስቶ 2,300 ሜትር ድረስ መውጣት አለ። በእንፋሎት ባቡር ይሄን በጨለማ የሚሞክር የለም። ሐዲዱ ላይ ግመል ተኝቶ ይሆናል። ድንገተኛ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎት ሐዲዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሆናል። ሽፍታም አይጠፋም።

ስለዚህ ባቡሩ ሲመሽ ይቆማል። መንገደኛው ይወርዳል። ራት ይበላል፣ ይተኛል፣ ጎሕ ሲቀድ ይሳፈራል። መኳንንት፣ ነጋዴ፣ ዲፕሎማት፣ ሚስዮናዊ፣ ወታደር፣ ሁሉም ወደደም ጠላም አንድ ሌሊት የአዋሽ እንግዳ ነው። ከተማዋን ያቆማት ይሄ የባቡሩ ዝግታ ነው። ፈጣን ባቡር ቢሆን ኖሮ አዋሽ ውሃ የሚሞላባት አንዲት ታንከርና አንድ ዘበኛ ያላት ፌርማታ ሆና ትቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። በመስመሩ ላይ እንደዚያ ሆነው የቀሩ ፌርማታዎች ሞልተዋል።

ቡፌ ደ አዋሽ የሚባለው ምንድን ነው?

ከጣቢያው መድረክ ፊት ለፊት ያለው አሮጌ ሆቴል ነው። ፈረንሳዮቹ ለሚያድረው መንገደኛ ያቆሙት ነው። «ቡፌ» ሲባል የዛሬው የሠርግ ቡፌ እንዳይመስላችሁ። በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ማለት ነው። ለገሃር የሚለው ስምም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። ድሬዳዋም ለገሀሬ የሚባል ሰፈር አላት።

ቡፌው ሰፊ በረንዳ አለው። ግቢው ቡገንቪሊያ የወረሰው ነው። ለረጅም ዓመታት ባለቤቱ ግሪካዊት እመቤት ነበሩ። ይሄም የመስመሩ ወግ ነው። ባቡሩን ተከትለው ግሪኮች፣ አርመኖች፣ የመኖች፣ ሕንዶች መጥተው ሱቅና ሆቴል ከፍተዋል። ትልልቅ ሰዎች እዚህ አድረዋል እየተባለ ብዙ ይወራል። «ይሄኛው ክፍል የእገሌ ነው» የሚላችሁ ሰው አታጡም። እኔ ግን ከክፍሎቹ ይልቅ በረንዳውን ነው የምወደው። ወንበር ይዛችሁ ስትቀመጡ ፊት ለፊታችሁ ሐዲድ ነው። የሚመጣ ባቡር የለም፤ ግን ዓይን ወደዚያው ያያል።

ስለ ድልድዩ ለምን ያን ያህል ይወራል?

አዋሽ ወንዝ እዚህ አካባቢ ጥልቅ ገደል ውስጥ ነው የሚሄደው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩት ያዞራል። ከምሥራቅ የሚመጣው ሐዲድ አዲስ አበባ ለመግባት ይሄን ገደል መሻገር ነበረበት። ስለዚህ ድልድዩን የያዘ መስመሩን ይዟል።

ይሄ በጦርነት ጊዜ ታይቷል። በ1933 ዓ.ም የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች የነበሩበት የእንግሊዝ ጦር ከሐረርና ከድሬዳዋ በኩል ሲገፋ፣ ጣሊያኖች የአዋሽን ድልድይ አፍርሰው ነበር የሸሹት። ብዙም አላቆመው። ጦሩ በመጋቢት መጨረሻ ወንዙን ተሻግሮ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ጃንሆይ በዚህ ጣቢያ አልፈዋል?

ስንት ጊዜ! ከሁሉም የሚታወሰው ግን የ1928ቱ ነው። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተሰባቸው ጋር በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በማግስቱ ጅቡቲ ደረሱ። ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት። በዚያ ዘመን ወደ ጅቡቲ የሚወስድ ሌላ ሐዲድ የለም፤ ያ ባቡር አዋሽን አቋርጦ ነው ያለፈው። ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

ከንጉሡ ሌላ አንድ ስም ልጨምር። ዊልፍሬድ ቴሲገር የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ አለ፤ አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን (የያኔው ኤምባሲ) ግቢ ውስጥ የተወለደ። በኅዳር 1926 ዓ.ም ግመሎቹን ጭኖ የተነሳው ከዚሁ ከአዋሽ ጣቢያ ነው። የፈለገው የአዋሽ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚቀር ማየት ነበር። ወንዙን ተከትሎ በአውሳ በኩል ሄደና አቤ ሐይቅ ደረሰ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ እዚያ ነው የሚያበቃው። የአፋር ሰው ይሄን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቴሲገር ካርታ ላይ አሰፈረው ማለት ይቀላል።

ሊትሪና ምንድን ነው? አባቴ ሁልጊዜ ያወራል።

ሊትሪና በናፍጣ የሚሄድ፣ ሞተሩን በሆዱ የያዘ የመንገደኛ ባቡር ነው። አውቶቡስ ሐዲድ ላይ ወጣ በሉት። ስሙ የጣሊያን ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የፊያት ሥራ የሆኑ ሊቶሪናዎች መስመሩ ላይ አሠማሩ። በኋላ የፈረንሳይ ሥራ የሆኑ ሲመጡም ሰው ስሙን አልቀየረውም።

ለመንገደኛው ሊትሪና እፎይታ ነበር። አዲስ አበባ ጠዋት ተሳፍሮ በዚያው ቀን ድሬዳዋ መግባት ተቻለ። ለአዋሽ ግን ዱብ ዕዳ ነው። ድሮ አንድ ሌሊት ያድር የነበረ እንግዳ አሁን ምሳ በልቶ፣ ብዙ ጊዜም ሻይ ብቻ ፉት ብሎ ይሄዳል። ቀርፋፋው ባቡር፣ ፉርጎ የሚጎትተውና ሦስተኛ ማዕረግ ያለው፣ ቀጥሏል። የአልጋው ገበያ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ጣቢያው ላይ ምን ይሸጥ ነበር?

በመስኮት የሚሸጥ ሁሉ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ዳቦ፣ ሻይ፣ የግመል ወተት። ባቡሩ ሳይቆም የሚሮጡ ልጆች፣ ብሩን ሳይመልሱ የሚጠፉም ልጆች።

ሌላ ንግድም ነበር። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ባቡር ልብስ፣ ሽቶ፣ ሬዲዮ፣ ሲጋራ ይዞ ነው የሚመጣው። ከፊሉ ቀረጥ የተከፈለበት፣ ከፊሉ በቀሚስ ሥር የታሰረ። ፊናንሶች፣ ማለትም የቀረጥ ፖሊሶች፣ ሲወጡ ፉርጎ ውስጥ የሚፈጠረውን ግርግር በዚያ መስመር የሄደ ሁሉ የየራሱን ታሪክ ይነግራችኋል። ዕቃው በመስኮት ይወረወራል፤ ታች ሆኖ የሚቀልብ አለ። ዘንድሮም የአዋሽ ኬላ ስም ያላት በዚሁ ነው፤ የተቀየረው ፍተሻው ከሐዲዱ ወደ አስፋልቱ መዞሩ ብቻ ነው።

የ1977ቱ አደጋ ምን ነበር?

ጥር 1977 ዓ.ም። መንገደኛ የጫነ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ገደል ላይ የተሠራ ጠመዝማዛ ድልድይ ሲያልፍ ከሐዲዱ ወጣ። ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ወደቁ። ኩርባው ላይ ፍጥነቱን መቀነስ ሲገባው አልቀነሰም ተብሏል። የሟቾቹ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 428 ተብሎ ይጠቀሳል፤ ከዚያ ያነሰ የሚልም አለ፤ ሁሉም ግን ወደ 400 ወይም ከዚያ በላይ ነው። የቆሰሉት በመቶዎች ነበሩ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች እጅግ የከፋው ሆኖ ይነገራል።

ጊዜውን አስቡት። አገሩ በድርቅ የተመታበት ዓመት ነው፤ የዓለም ካሜራ ኮረምና መቀሌ ላይ ነበር። ይሄ ሐዘን በዚያኛው ሐዘን ተዋጠ። በመስመሩ ዳር ያደገ ሰው ግን አይረሳውም።

አሮጌው ባቡር ለምን ቆመ?

አንድ ቀን ተነስቶ አልቆመም። እየደከመ፣ እየደከመ ነው።

በ1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹን መታ፤ መስመሩ ተዘጋ። እንደገና ቢከፈትም በመሃል ጭነቱ ወደ አሰብ ዞሮ ነበር። ከአዋሽ ወደ ሰሜን፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚገባው አስፋልት ተሳቢውን ንጉሥ አደረገው። በድንበር ጦርነቱ የአሰብ በር ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ቢመለስም፣ ባቡሩ በዚያን ጊዜ የሚሸከም ትከሻ አልነበረውም። ሐዲዱ አርጅቷል፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ መለዋወጫ የለም።

ላዩ ላይ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ አለ። መተሐራ አጠገብ፣ ከአዋሽ ብዙ አይርቅም። በ1950ዎቹ ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ሐይቅ እየሰፋ ከ40 በላይ ሆነ። ሐዲዱንም አስፋልቱንም አስጨነቀ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው አገልግሎት በ2000 ዓ.ም ገደማ አበቃለት።

አዲሱ ባቡር እዚያው ጣቢያ ላይ ነው የሚቆመው?

አይደለም። ይሄን ሳያውቁ አሮጌው ጣቢያ ሻንጣ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስላሉ ልብ በሉ። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመርቆ፣ በታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሐዲዱ ሌላ ነው፤ ስፋቱም 1.435 ሜትር ስለሆነ በአሮጌው ላይ መሄድ አይችልም። አዋሽ የራሱ አዲስ ጣቢያ አለው። እንደ ብዙዎቹ አዲስ ጣቢያዎች ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ባጃጅ ያስፈልጋል።

ለባቡሩ ይሄ ሳይሻል አይቀርም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለከተማዋ ግን ምን ይጠቅማታል? የድሮው መንገደኛ ከፉርጎ ሲወርድ እግሩ የሚያርፈው ቡፌው ደጅ ላይ ነበር።

ከአዋሽ ወደ ወሎ የሚሄደው መስመርስ?

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ መስመር ነው። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም ሥራውን ጀመረ። ሐዲዱ ብዙ ርቀት ተዘርግቷል። በመሃል ጦርነቱ መጣ፤ ወሎ በኩል ጉዳት ደረሰበት። ሐሳቡ ከተሳካ አዋሽ መገናኛ ትሆናለች፤ ባቡር የሚቀየርባት፣ የሚጠበቅባት ቦታ። ሰው የሚጠብቅበት ቦታ ደግሞ ሻይ አይጠፋም።

ዛሬ ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሰኞ ብትሄዱ ይሻላል፤ የአፋርና የከረዩ ሰው የሚገናኝበት ገበያ ያለው ያን ቀን ነው። ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ደርቦ ማየትም ያመቻል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በአካባቢው ያለውን ሰው ጠይቁ፤ ኬላ አጠገብ ስለሆነ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

ሐዲዱ ላይ ስትሄዱ ወደ ታች እዩ። ከሐዲዱ ሥር የተነጠፈው አግዳሚ እንጨት አይደለም፤ ምስጥ የማይበላው ብረት ነው። አንዳንዱ ተነቅሎ የሰው አጥር ሆኗል።

ማታ ከሆነ ደግሞ ወደ ዋናው መንገድ ውጡ። ከጅቡቲ የመጡት ሹፌሮች ተሳቢያቸውን ደርድረው ራት ይበላሉ። ረዳቱ ከመኪናው ሥር ምንጣፉን ያነጥፋል። ባለ ሆቴሏ በር ላይ ቆማ «አልጋ አለ» ትላለች።